ከአትጠገብ እጅ

አትጠገብ መሞቷን የነገሩኝ ለቅሶዋ ላይ ውለው ከሞጣ የመጡ ሁለት ሴቶች ናቸው። ድንኳን ተጥሎ፣ እድርተኛው ነቅሎ ወጥቶ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሲጎርፍ ሰነበተ አሉኝ።

«ኧረ ምን ያለ ለቅሶ መሰለሽ! የሞጣ ሰው እንደዚያ አድርጎ ማንን ቀብሮ ያውቃል?» አለች አንደኛዋ።

«አንቺ ግን ምነው ቀረሽ? ታውቂያት አልነበር?» አለች ሁለተኛዋ።

«አውቃት ነበር» አልሁ። ከዚያ በላይ አልነገርኋቸውም። አፌ ውስጥ የመጣውን ነገር ብተፋው የቤቴ ምንጣፍ ይበላሽ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ከእጇ አንድ ቅል ውኃ ያልተቀበሉ ሰዎች ናቸው ድንኳን የጣሉላት። ለለቅሶተኛው የቀዱትም ጠላ በእሷ ጋን የተጠመቀ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ በሞጣ የእሷ ጋን ያልገባበት ቤት የት አለና?

አትጠገብ ሸክላ ሠሪ ነበረች። በእኛ አገር ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቆዳ የሚፍቅ ሁሉ ጠይብ ይባላል። ጠይብ ደግሞ ቀን ሰው ነው፣ ማታ ጅብ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ይህን የሚሉት ያልተማሩት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቅኔ የዘረፉ ሊቃውንት፣ ደመወዝ የሚበሉ ጸሐፊዎች፣ የእኔ ባልደረቦች የነበሩ መምህራንም ይሉት ነበር። ወጣቸውን የሚሠሩት በእሷ ድስት ነው፤ ውኃቸውን የሚቀዱት በእሷ እንስራ ነው። እሷ የጋገረችውን ቂጣ ግን ለውሻቸውም አይሰጡትም። ዕቃ ሲገዟት እንኳ ከእጇ አይቀበሉም፤ «መሬት አስቀምጪው» ይሏታል፤ እጇን ስታነሳ ያነሱታል።

አጭር ነበረች፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ክንዷ እንደ ወንድ ክንድ ነው። እስከ ክርኗ ድረስ የደረቀ ጭቃ አይጠፋባትም። ምላሷ ግን ከእጇ ይብስ ነበር። አንዲት ወይዘሮ ማሰሮው ደህና መሆኑን ለማወቅ በጣቷ ስታንኳኳ፣ «አንኳኪው እመቤቴ፣ እሱ እንኳ ሲጠሩት አቤት ይላል። እኔ ነኝ እንጂ የሚጠራኝ ያጣሁት» ስትላት ሰምቻለሁ። ሌላ ጊዜም፣ «የሠራሁትን ድስት ሲልሱ ይውላሉ፤ እጄን ሲያዩ ያማትባሉ» አለችኝ። ስትናገር አታለቅስም። እያሾፈች ነው የምትናገረው፤ እሱ ነው የሚከብደው።

እኔ የአምበር ልጅ ነኝ። የመምህርነት ትምህርቴን ጨርሼ ቢቸና የተመደብሁት ንጉሡ ከመውረዳቸው ሁለት ዓመት ያህል አስቀድሞ ነው። በከተማው እንግሊዝኛ የምታውቅ ሴት እኔ ብቻ ስለነበርሁ ወይዘሮ የሻረግ አስጠራችኝ። ያን ጊዜ አንቱ ነበር የምላት፤ አሁን አልላትም። ባሏ ቀኛዝማች፣ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ትልቅ ሰው የነበረ፣ ሞቶ ነበር። ቢቸናም ሞጣም ቤት ነበራት። የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር የክርስትና ልጇ ነው።

«የእህቴ ልጅ ከፈረንጅ አገር ልትመጣ ነው» አለችኝ። «እናቷ ስትሞትባት ሐኪም የነበረ ስዊድናዊ ከነሚስቱ ወስዶ አሳደጋት። ቋንቋችንን አታውቅም። አስተርጓሚ ትሆኚያለሽ።»

«እሺ፣ እመቤቴ።»

ኮራሁ። የተመረጥሁ መሰለኝ።

ልጅቷ ስሟ ካሪን ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። መልኳ የእኛ፣ አረማመዷ የእነሱ ነው፤ ካመጣት ላንድሮቨር ስትወርድ እንደ ወንድ ዘላ ወረደች። በአገሯ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ትማራለች። የተወለደችበት አገር ሰዎች በእጃቸው ምን እንደሚሠሩ በዓይኗ ለማየት እንደ መጣች ነገረችኝ። የምትስልበት ደብተር ከእጇ አይለይም። የሻረግ ለእሷ አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ አክርማና ስንደዶ ዘርግታ ስፌት አሳየቻት፤ ባዘቶ ይዛ ፈትል ፈተለችላት። ልጅቷ ሁሉንም ሣለች፣ ሁሉንም ሞከረች፣ ጣቷን በወስፌ ወግታ ሳቀች። ከዚያ የወጥ ድስቱን ገልብጣ ታችኛውን እያየች፣ «ይህንስ ማን ነው የሠራው? ስሙን አልጻፈበትም» አለች።

ተረጎምሁት። የሻረግ ፊቷ ተቀየረ።

«እሱ የእኛ ሙያ አይደለም በያት።»

«የማን ነው?» አለች ልጅቷ።

«የሌሎች።»

በማግስቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ወስዳ፣ ድንጋይ የተከመረበት መቃብር አሳየቻት። «እናትሽ እዚህ ናት» አለቻት። ልጅቷ ተንበርክካ ድንጋዩን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ከአፈሩም ቆንጥራ በመሐረብ ቋጠረች። የሻረግ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔም አብሬ አለቀስሁ። ያ መቃብር የማን እንደ ነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። የሌላ ሰው ሙት ላይ ያለቀስሁት እንባ ትዝ ሲለኝ ፊቴን መታጠብ ያምረኛል።

የተወለደችው ሞጣ ስለሆነ ወደዚያ ወረድን። በገበያው ቀን ልጅቷ ከሸክላው ተራ ስትደርስ ቆመች። ሰው ሁሉ ቆሞ የሚገዛበት ቦታ ላይ እሷ መሬት ላይ ዘፍ ብላ ከአትጠገብ ፊት ለፊት ተቀመጠች። አንዱን ማሰሮ አንስታ እንደ ሕፃን አቅፋ ታገላብጠው ጀመር። አትጠገብ ማሰሮውን አላየችም። ያየችው የልጅቷን እግር ነው። ክፍት ጫማ ነበር ያደረገችው፤ ግራ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አለ።

«ከወዴት ናት?» አለችኝ።

«ከስዊድን።»

«የማን ልጅ ነኝ ትላለች?»

«የወይዘሮ የሻረግ የእህት ልጅ ናት።»

አትጠገብ ሳቀች። ጎረቤቶቿ ሸክላ ሻጮች እስኪዞሩ ድረስ ሳቀች። «የየሻረግ እህት!» አለች። «የሻረግ እህት ኖሯትም አያውቅ። ለእናቷ አንድ ናት፤ እሷንም ወልደው ተጸጽተዋል ይባላል።» ከዚያ ሳቋን አቋርጣ ማሰሮውን ከልጅቷ እጅ ወሰደችና በሌላ፣ በሚሻለው ቀየረችላት።

ካሪን፣ ይህች ሴት ሸክላ ካላስተማረችኝ ከሞጣ አልሄድም አለች። የሻረግ ተቆጣች፣ ታመምሁም አለች። ነገር ግን በየዓመቱ ከስዊድን ጨርቁንና ፎቶግራፉን የምትልክላትን ልጅ በግድ መከልከል አልቻለችም። «በይ ሂጂ እንግዲህ። ብቻ ከዚያ ቤት ምንም ነገር አትቅመስ» አለች። ለልጅቷ፣ ውኃው ንጹሕ ስላልሆነ ነው ብዬ ነገርኋት።

የአትጠገብ ቤት ከከተማው ዳር፣ ከወንዙ አጠገብ ነው። መጀመሪያ ቀን ልጅቷ አፈር ስትወቅጥ አትጠገብ ወደ ጥግ ጠራችኝ፤ በአጭሩም ነገረችኝ። ልጅቷ የአብራኳ ክፋይ ናት፤ በሦስት ዓመቷ እግሯ በፈላ ውኃ ተቃጠለ። አትጠገብ ባሏ ሞቶባት ስለነበር ብቻዋን ተሸክማ ወደ ሐኪሙ ወሰደቻት። ሐኪሙና ሚስቱ ልጅ አልነበራቸውም፤ ወራት ሙሉ እንደ ዓይናቸው ብሌን አስታመሟት፤ በኋላም ከአትጠገብ ጋር በቋንቋ ስለማይግባቡ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት በኩል እናሳድጋት ብለው ለመኑ። ደብዳቤውን የጻፈው የየሻረግ ባል ነው። ፈረንጅም እንደ እኛ የሚጸየፍ መስሎት፣ የጠይብ ልጅ መሆኗን ካወቁ አይወስዷትም ብሎ፣ የሚስቱ የሟች እህት ልጅ ናት፣ ተሸክማ ያመጣቻትም ሞግዚቷ ናት ብሎ ጻፈ። አትጠገብ የማታነበው ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች።

«ሞጣ ያውቃል?» አልኋት።

«ሞጣ ምን የማያውቀው አለ?»

«ታዲያ አሁን ልንገራት?»

«ተይ» አለች። «አሁን ተይ። መጀመሪያ ከእጄ ትብላልኝ። እናቷ መሆኔን አውቃ ብትበላ ለእናትነቴ ብላ ነው፤ እሱን ማንም ያደርገዋል። ሳታውቅ ብትበላ ግን ሰው መስዬያት ነው። እሱን ልይና ከዚያ ትነግሪያታለሽ።»

እንዲህ ያለ ምኞት ሰምቼ አላውቅም። ልጇን ዐሥራ አምስት ዓመት ሳታይ ኖራ፣ ከመታወቅ በፊት መብላትን አስቀደመች። ያን ቀን አልገባኝም ነበር።

ሦስት ቀን አስተማረቻት። አትጠገብ ጭቃውን ከተፈጨ ገል ጋር ለውሳ መሬት ላይ ታቆመዋለች፤ ዕቃውን አታዞረውም፣ እሷ ናት የምትዞረው፤ ጎንበስ ብላ ወደ ኋላ እየተራመደች በጡጫዋ ከውስጥ እየገፋች ታሳድገዋለች። ካሪንም ከኋላዋ እየዞረች ትስቃለች። የልጅቷ ማሰሮ በተናደ ቁጥር አትጠገብ፣ «ጭቃ አይታዘዝም፣ ይለመናል በያት» ትለኛለች። ስንጥቁን በውኃ ቀብታ ልትደብቅ ስትሞክርም፣ «የሰነፍ ድስት እሳት ላይ ሲወጣ ይናዘዛል በያት» አለችኝ። ካሪን ይህን በደብተሯ ጻፈችው።

በሦስተኛው ቀን ዕቃዎቹን ኩበትና ጭድ ከምረው አቃጠሏቸው። እሳቱ እስኪበርድ ድረስ አትጠገብ የገብስ ቂጣ በተልባ ለወሰች። እጇን ሁለት ጊዜ ታጠበች። ጠቀለለችና ወደ ልጅቷ አፍ ዘረጋች። እኔ የየሻረግን ማስጠንቀቂያ ልጅቷ ታስታውስ እንደሆነ ለማየት ፊቷን አየሁ። አላስታወሰችም። ወይም አስታውሳ ማስጠንቀቂያውን አልተቀበለችውም። አፏን ከፍታ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ አንድ ጣቷን አውጥታ «ድገሚኝ» በሚል ምልክት አሳየቻት። አትጠገብ ደገመቻት። ከዚያ ፊቷን ወደ እሳቱ አዙራ ብዙ ጊዜ ቆየች።

«አንቺስ?» አለችኝ ስትመለስ።

«በልቼ ነው የመጣሁ» አልኋት። እውነት አልነበረም። የአምበር ልጅ ነኝ፤ አስተዳደጌ ከእነሱ የተለየ አልነበረም።

ነገ እንነግራታለን ብለን ተለያየን።

በማግስቱ ጧት ካሪን አልተነሣችም። ያስመልሳታል፣ ትኩሳቷም እንደ ምድጃ ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጥቶ አይቶ የወንዝ ውኃ ነው አለ። የሻረግ ግን ደረቷን እየመታች ወደ ግቢው ወጣች።

«በላቻት! ሰው አስጠግቼ ሰው አስበላሁ!»

ግቢው በአንዴ ሞላ። የዳኛው ሚስት መጣች፤ ሁለት የሞጣ መምህራን መጡ፤ ቀሚሱን ሰብስቦ የሚሮጥ ደብተራም መጣ። በእኛ አገር ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው ቡዳው ተይዞ መጥቶ እንትፍ ሲልበት ነው ይባላል። ሁለት ጎረምሶች ሄደው አትጠገብን ግራና ቀኝ ክንዷን ይዘው አመጧት። ልጅቷን አየር ታግኝ ብለው በረንዳው ላይ አስተኝተዋት ነበር። ዓይኗን ገልጣ ሁሉን ታያለች፤ ምንም አይገባትም።

«እንትፍ በይባት!» አለች የሻረግ።

«አልልም።»

«እንትፍ በይ አንቺ ጅብ! ልቀቂያት!»

«እንትፍ ካልሁ በልቻታለሁ ማለቴ ነው። አልልም።»

አንዱ ጎረምሳ ማጅራቷን ጨምድዶ ወደ ልጅቷ ደፋት። ደብተራው ድምፁን አለስልሶ፣ «ተይ ልጄ፣ አንዲት ምራቅ ናት፣ ምን ይጎዳሻል?» አላት። አትጠገብ ቀና አለች። እንዴት እንደ ተላቀቀች እንጃ፤ ያ ጭቃ የሚገፋ ክንድ ይሆናል።

«እናንተ ሞጣዎች» አለች። «ይችን ማን ወለዳት? አንቺ የዳኛው ሚስት፣ ማን ወለዳት? አንቱ ደብተራ፣ ክርስትና ስትነሣ ቆመው አልነበረም? የሻረግ፣ አንቺስ? ልጄ ናት። እናት ልጇን አትበላም። ዐሥራ አምስት ዓመት ዝም ያልሁት ሰው ተብላ እንድትኖርልኝ ነው። አሁን ግን ልጄን በላሽ አትበሉኝ!»

እስከ ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ማንም አልደነገጠም። አንድ ሰው እንኳ «ምን?» አላለም። የዳኛው ሚስት የነጠላዋን ጥለት ታይ ጀመር። ደብተራው መሬት መሬት አየ። መምህራኑ እርስ በርስ ተያዩ። ሁሉም ያውቁ ነበር። ልጅቷ ልጇ መሆኗን እያወቁ ነው ትፊባት ያሏት።

ካሪን ክንዷን ተደግፋ ትንሽ ቀና አለች። «ምንድን ነው ያለችው?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ።

ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ። አትጠገብም ዞረች። እንዲህ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም፤ ዐሥራ አምስት ዓመት በአፏ ይዛ የኖረችውን ነገር አውጥታ በእኔ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

የሻረግ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ ከጆሮዬ ሥር፣ «መምህርት» አለችኝ። «ይቅርታ ለመነችሽ በያት። ዲሬክተሩ ሰሞኑን ስለ አንቺ ዝውውር ያማክረኝ ነበር።»

እኔም፣ «ስለታመምሽ አዝና ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ ነው የምትልሽ» አልሁ።

ይህን የጻፍሁት ሌሎቹን ስጠራ ኖሬ ራሴን ብዘል የእነሱ ቢጤ ስለምሆን ነው። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ካሪን አትጠገብን አየቻት። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ግን ፈገግ አለች። «ይቅር ብያታለሁ በያት» አለችኝ። «ምንም አልበደለችኝም። ያደረገችልኝን ሁሉ አልረሳም።»

ይህንን አንድ ቃል ሳላጎድል ተረጎምሁት።

አትጠገብ ተንበረከከች። መሬቱን ሳመችው፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ልጇ እናቷ መሆኗን ሰምታ፣ ስለሰጠቻት ይቅር ያለቻት ነው የመሰላት። ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው በሙሉ ግን ከመምህራኑ በቀር እንግሊዝኛ ባያውቅም፣ የየሻረግን ሹክሹክታ ባይሰማም፣ አንድ ነገር መደረጉን ከፊቴ ያወቀ ይመስለኛል። ማንም ተንፍሶ አያውቅም። ጎረምሶቹ ለቀቋት፤ እሷም ወደ ልጅቷ ሳትጠጋ፣ እንዳላስፈራት ብላ ይመስለኛል፣ ወደ ኋላዋ እየሄደች ወጣች።

ከቀትር በኋላ ላንድሮቨሩ ካሪንን ወደ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ ከዚያ ወደ አገሯ ሄደች። ድናለች። የምስጋናው ደብዳቤ የመጣው ለየሻረግ ነው። አድራሻዋም የየሻረግ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ አብዮቱ መጥቶ ቤቷ ሲወረስ ሣጥኑ የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም። የሻረግ ከዚያ በኋላ የተቸገረች ጊዜ፣ አላዝንላትም ብዬ ራሴን አስገድጄ አልነበረም። ኀዘኔታው ዝም ብሎ አልመጣልኝም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለፈተና ሥራ ሞጣ ሄድሁ። አትጠገብ ከገበያው መሐል፣ «መምህርት! መምህርት!» እያለች ተጣራች። ድምፅዋ ተለውጦ ነበር፤ ሰውነቷም ቀና ብሏል። ቤቷ ወሰደችኝ። አጎዛ አንጥፋ አስቀመጠችኝ።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለችኝ። «ምን ነበር ያለችው?»

«ይቅር ብያታለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ምንም አልበደለችኝም።»

«ከዚያስ?»

«ያደረገችልኝን ሁሉ አልረሳም።»

«በእንግሊዝኛውም በይልኝ። የራሷን ድምፅ ልስማ።»

በእንግሊዝኛ አልሁላት። ሳይገባት እያንዳንዱን ቃል በከንፈሯ ተከተለችው። «አንቺ ባትኖሪ ይህን ሳልሰማ እሞት ነበር» አለችኝ። «ሰው እንኳ ቢገፋኝ አሁን ግድ የለኝም። ወልጄ ሰጥቻለሁ፤ ይቅር ተብያለሁ።» ከዚያ ተነሥታ ቂጣ በተልባ ለወሰች፣ እጇን ታጥባ ጠቀለለችና ዘረጋችልኝ።

ተቀበልኋት። የመጣሁት ልበላ ነበር፤ ያ ያደግሁበት ጸያፍ ነገር ከእኔ ወጥቶ ነበር፤ በዚያ በረንዳ ሥር ነው የወጣው። ወደ አፌ አደረስሁት። ግን ያን ውሸት ውጬ በላዩ ላይ የእሷን ጉርሻ መጨመር አልቻልሁም። እጄ አፌ ላይ እንደ ደረሰ ቀረ።

አትጠገብ አየችኝ። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ሄደ።

«አንቺም?» አለችኝ።

መልስ ነበረኝ። ልጅሽ ማን መሆንሽን አልሰማችም፤ ይቅር ያለችው እኔ የፈጠርሁትን ነገር ነው ብላት፣ የተጸየፍሁት እሷን አለመሆኑን ታውቅ ነበር። ይቅርታውም በዚያው ይሄድባት ነበር።

ጉርሻውን ሰፌዱ ላይ መልሼ አስቀመጥሁት።

«አዎ» አልኋት። «እኔም።»

ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ሞጣ ስሄድ ገበያ ላይ ብታየኝም አትጣራም ነበር።